ያውቁ ኖሯል? ከ«ቲቬት» በስተጀርባ ያለው ሙሉ ስም

አዳማ ውስጥ አንድ ጽሑፍና ፎቶኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ያለችው ወጣት በኤሌክትሪክ ሥራ ደረጃ 4 የጨረሰች ናት። የሥራ ማመልከቻዋን በእንግሊዝኛ አስጽፋ ወረቀቱን ስትቀበል ዓይኔ ርዕሱ ላይ አረፈ። ዓመታት የለፋችበት የሙያ ሥልጠና በአንዲት ፊደል ስሕተት «የዕረፍት ሥልጠና» ተብሎ ተጽፏል። ነገርኳት፣ አሳረመችው፣ አመስግና ሄደች። እኔ ግን ስንቱ ልጅ ሳይነገረው ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ እንደሚያስገባ እያሰብኩ ቀረሁ። ይህን ዓምድ ያዘጋጀሁት ለእነሱ፣ ለአሠልጣኞቻቸውና ለወላጆቻቸው ነው። ሙያ የሚከበረው በእጅ ብቻ አይደለም፤ ስሙም በትክክል ሲጻፍ ነው።

ስለ ስሙ

1. «ቲቬት» የአራት የእንግሊዝኛ ቃላት ምኅጻር ነው፦ ቴክኒካል፣ ቮኬሽናል፣ ኤጁኬሽን፣ ትሬይኒንግ። በሙሉ ስሙ ውስጥ «አንድ» የሚለው አያያዥ ሁለት ጊዜ ይገባል፤ አንዱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት፣ ሌላው የመጨረሻዎቹን ሁለት ያጣምራል። አማርኛውም እንዲሁ ነው፤ «የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና» ሲባል አያያዥዋ «ና» ሁለት ጊዜ አለች። እንግሊዝኛውን ሲጽፉ አንዱን አያያዥ የዘነጉ ከመሰለዎት በአማርኛው ላይ አያያዥ «ና»ዎቹን ይቁጠሩ፤ የ«ሥልጠና» መጨረሻ ግን አትቆጠርም።

2. ስሙ በዓለም ደረጃ የጸናው በቅርብ ነው። ዩኔስኮ ለረዥም ጊዜ ይጠቀም የነበረው «የቴክኒክና ሙያ ትምህርት» የሚለውን ነበር፤ «ሥልጠና» አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1999 በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል የተካሄደው 2ኛው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ትምህርትንና ሥልጠናን አንድ ላይ አስተሳስሮ ከመከረ ወዲህ ባለ አራት ፊደሉ ስም የተለመደ ሆነ።

3. «ቮኬሽን» የመጣው «መጥራት» ከሚል የላቲን ግሥ ነው። መጀመሪያ የሚነገረው እግዚአብሔር ሰውን ለአገልግሎት ስለ መጥራቱ ነበር፤ ኋላ ሰው ለተጠራበት ሥራ ሁሉ ሆነ። ጀርመኖች ለሙያ የሚሉት «ቤሩፍ» ራሱ «መጥራት» ከሚለው ግሣቸው የወጣ ነው። ማርቲን ሉተር ቃሉን ለገበሬውም ለጫማ ሰፊውም ሥራ ካዋለው በኋላ የገዳሙ ጥሪና የአናጢው መዶሻ በአንድ ቃል ተጠሩ።

4. የዚያች ወጣት ስሕተት የመጣው ከዚህ ነው፦ የ«ቮኬሽናል» ሁለተኛ ፊደል «ኦ» ናት። በእሷ ቦታ «ኤ» ከገባች ቃሉ ወደ «ቫኬሽን» ይዞራል፤ ይህም «ባዶ መሆን» ከሚል ሌላ የላቲን ግሥ የመጣ የዕረፍት ቃል ነው። ቅርጹ ከትክክለኛ ቃል ስለሚቀራረብ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ላያስጠነቅቅዎት ይችላል። ስለዚህ ያቺን «ኦ» በዓይንዎ ይፈልጓት።

5. በአማርኛ «ቴክኒክ» እንላለን፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛው ጋር ይመሳሰላል። በእንግሊዝኛ ግን «ቴክኒክ» ዘዴ ወይም ብልሃት ማለት ነው። ለትምህርቱ የሚገባው ቅጽል «ቴክኒካል» ነው። አማርኛውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግር ሰው መጨረሻዋን «ኤ» እና «ኤል» ይጥላታል።

6. «ቲቬት ትሬይኒንግ» ብለው ከጻፉ «የሙያ ትምህርትና ሥልጠና ሥልጠና» ብለዋል። የመጨረሻዋ «ቲ» ራሷ ሥልጠና ናትና «የቲቬት ፕሮግራም» ወይም «የቲቬት ኮርስ» ይበቃል።

7. ቲቬት ትምህርት ቤት አይደለም። በአዳማም በሻሸመኔም «ልጄ ቲቬት ገባ» ማለት የተለመደና የሚያግባባ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ ዘርፉን እንጂ ግቢውን አይጠራም። «ቲቬት ተቀላቀልኩ» ብሎ የጻፈ አመልካች ለውጭ አንባቢ መሥሪያ ቤት የገባ ሊመስል ይችላል። «ኮሌጅ» የሚለውን ይጨምሩበት።

8. ሙሉ ስሙ በተራ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ በትንንሽ ፊደላት ይጻፋል። ትልቅ ፊደል የሚገባው ምኅጻሩ ሲጻፍና የአንድ ተቋም ወይም አዋጅ መጠሪያ ሲሆን ነው። በመጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ ምኅጻሩን በቅንፍ፣ ከዚያ ወዲያ ምኅጻሩን ብቻ መጻፍ የታወቀው ሥርዓት ነው።

9. ከምኅጻሩ በፊት የምትገባዋ ትንሽ ቃል «ኤ» ናት እንጂ «አን» አይደለችም። ምክንያቱም «ቲ» ስትነበብ በተነባቢ ድምፅ ትጀምራለች። «ኤንጂኦ» ግን ሲነበብ በአናባቢ ስለሚጀምር «አን» ይወስዳል። እዚህ የሚወስነው የሚሰማው ድምፅ ነው።

10. አገራችን ዘርፉን በሕግ ስሙ ስትጠራ ቆይታለች። አዋጅ ቁጥር 391/1996፣ ኋላም አዋጅ ቁጥር 954/2008 ሁለቱም «የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና» አዋጆች ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ግን ፊት የመጣው «ክህሎት» የሚለው ቃል ነበር።

11. ለዘርፉ አሠልጣኞችን የሚያዘጋጀው የአዲስ አበባው ተቋም ዛሬ «የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት» ይባላል። «ትምህርት» ከስሙ ወጥታለች፤ የእንግሊዝኛ ምኅጻሩም ከአራቱ ፊደላት «ኢ»ን አጥቷል። ስለዚያ ተቋም ሲጽፉ ከልማድ የመጣችውን «ኢ» አያስገቡ።

ቢሾፍቱ ሲደርሱ ትርጉሙ ይለወጣል

12. አውሮፓውያን የመጀመሪያዋን «ቲ» ትተው «ቬት» ብቻ ይላሉ። ይህን ይዘው ቢሾፍቱ ከገቡ ግን ሰዉ ወደ ከብት ሐኪሞች ይመራዎታል! «ቬት» በእንግሊዝኛ የእንስሳት ሐኪምም ነውና። በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ኢንስቲትዩትም እዚያው ነው። በአሜሪካ ደግሞ ያው ቃል የቀድሞ ወታደር ነው። ለእኛ አገር አንባቢ አራቱንም ፊደላት መጻፍ ከዚህ ዓይነት ግራ መጋባት ያድናል።

13. አሜሪካኖች ሌላ ስም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የፐርኪንስ ሕግ «ቮኬሽናል» የሚለውን ትቶ «የሥራ መስክና የቴክኒክ ትምህርት» የሚል ስም አጸና፤ ምኅጻሩም «ሲቲኢ» ነው። እኛ ዘንድ ግን «ሲቲኢ» የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው። ከአሰላ ኮሌጅ በመምህርነት የተመረቀ ሰው ምኅጻሩን ብቻ ወደ አሜሪካ ቢልክ እዚያ ያለው አንባቢ የብየዳ ባለሙያ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል።

14. ከፊት «ኤ» ሲጨመር «ኤቲቬት» ይሆናል፤ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ማለት ነው። ከታወቁት የግብርና ኮሌጆች አንዱ አላጌ፣ በስምጥ ሸለቆው በአብያታና ሻላ ሐይቆች አካባቢ ይገኛል። ያ ግቢ በደርግ ዘመን ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ያደጉበት ሕፃናት አምባ ነበር። ትናንት ልጆች ያሳደገ መሬት ዛሬ አርሶ አደሩን የሚያግዙ የልማት ሠራተኞችን ያፈራል።

15. አዳማ የሁለቱም ዓይነት «ወርክሾፕ» ከተማ ናት። አንዱ በየሆቴሉ አዳራሽ ባጅ ተንጠልጥሎ የሚካሄደው ነው፤ ሌላው ብረት የሚቆረጥበት፣ እንጨት የሚላግበት ነው። ቃሉ መጀመሪያ የተፈጠረው ለሁለተኛው ነው፤ «የሥራ ቤት» ማለት ነው። በማመልከቻዎ ላይ «በወርክሾፕ ስድስት ወር» ብለው ከጻፉ የትኛው እንደሆነ ይለዩት።

16. «ድሬሰር» የሚለውን የሕክምና ሙያ ስም አያቶቻችን በደንብ ያውቁታል። ጣልያን ከወጣ በኋላ የሜኖናይት ሚሲዮን በናዝሬት (በዛሬዋ አዳማ) በኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ሲሠራ የድሬሰር ትምህርት ቤትም ነበረው። ቃሉ በእንግሊዝ አገር ቁስል ከሚያጥብና ከሚያስር የሐኪም ረዳት የመጣ ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ ግን ድሬሰር የልብስ መሳቢያ ወይም የቲያትር ተዋናይ አልባሽ ነው። የአባትዎን የሥራ ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ከሆነ «የጤና ረዳት» የሚለውን ቃል ያግኙለት።

የጋራዡ ቋንቋ

17. በአዳማ ጋራዥ የሚሰማው ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ላሜራ፣ ፌሮ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። «ጋራዥ» ራሱ ፈረንሳይኛ ነው። መማሪያ ሞጁሉና ምዘናው ግን በእንግሊዝኛ ይመጣል። ጎበዝ መካኒክ በወረቀቱ ላይ የሚደናገረው ሥራውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ በእጁ የያዘው ዕቃ በወረቀቱ ላይ ሌላ ስም ስላለው ነው።

18. ስለዚህ ጥንዶቹን መያዝ ይጠቅማል፦ ብሎን «ቦልት»፣ ዳዶ «ነት»፣ ካቻቢቴ «ስክሩድራይቨር»፣ ፒንሳ «ፕላየርስ»፣ ሞርሳ «ቫይስ»፣ ካምቢዮ «ጊርቦክስ»፣ ፍሪሲዮን «ክላች»፣ የግንባታው ፌሮ «ሪባር»። አሠልጣኝ ከሆኑ ይህን ዝርዝር በግድግዳ ላይ ይለጥፉት።

19. «ካቻቢቴ» በጣልያንኛ ሁለት ቃል ተጣምሮ የተሠራ ነው፦ የሚነዳ እና ጠመዝማዛ ምስማር። የእንግሊዝኛው «ስክሩድራይቨር» ቃል በቃል ያንኑ ይላል። «ዳዶ» ደግሞ የዕጣ መጫወቻዋ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ስም ነው።

20. ስፌትና መጋዝ በአንዲት ፊደል ይለያያሉ። በእንግሊዝኛ ስፌት ሁለተኛ ፊደሉ «ኢ» ነው፤ «ኤ» ከሆነ በመጋዝ መቁረጥ ይሆናል። የልብስ ስፌት ሠልጣኝ ምስክር ወረቀቷን ስትቀበል ይህችን ፊደል ትይ።

21. «ሜንቴይን» የሚለውን ግሥ በትክክል የሚጽፍ ሰው «ሜንተናንስ» ላይ ይሰናከላል፤ ግሡ ውስጥ ያለው ሁለተኛው «ኤ-አይ» በስሙ ውስጥ ወደ «ኢ» ይለወጣልና። ፊደላቱ በተራ፦ ኤም፣ ኤ፣ አይ፣ ኤን፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤን፣ ኤ፣ ኤን፣ ሲ፣ ኢ። የጥገና ሱቅ የሚከፍቱ ከሆነ ለሰሌዳ ጸሐፊው ይህን በወረቀት ጽፈው ይስጡት።

22. «ኢኪፕመንት»፣ «ፈርኒቸር» እና «ማሽነሪ» በእንግሊዝኛ የብዙ ቁጥር «ኤስ» አይወስዱም። አማርኛችን «ዕቃዎች» ስለሚል እጃችን ወደዚያው ይሄዳል። መቁጠር ካስፈለገ «ሦስት ዕቃ» ለማለት «ፒስ» የሚል መለኪያ ይገባበታል።

23. የቧንቧ ሠራተኛ የእንግሊዝኛ ስም ውስጥ የማትነበብ «ቢ» አለች። ከላቲን የእርሳስ ብረት ስም የቀረች ናት፤ ሮማውያን የውኃ ቱቦ ከእርሳስ ይሠሩ ነበርና። አትነበብም፤ ግን ትጻፋለች።

24. ኮብልስቶን የሚያነጥፍ ሰው «ኮብለር» አይደለም። ኮብለር ጫማ ሰፊ ነው። ሁለቱም የተከበሩ ሙያዎች ናቸው፤ ስማቸው ግን አይዋዋስም።

25. ከአዳማ በላይ ባለው ከፍታ በሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 136 ተርባይኖች ቆመዋል፤ በመጀመሪያው 34፣ በሁለተኛው 102። እነዚህን የሚንከባከበው ሰው በእንግሊዝኛ «ቴክኒሺያን» ነው። «ቴክኖሎጂስት» እና «ኢንጂነር» ሌላ የትምህርት ደረጃ ያመለክታሉ። በማመልከቻ ላይ ማዕረግን ከፍ አድርጎ መጻፍ በምዘና ቀን ያጋልጣል፤ በራስ ማዕረግ ቀጥ ብሎ መቆም ግን ያስከብራል።

ወረቀቱ ላይ

26. «ሲኦሲ» የብቃት ምስክር ወረቀት የእንግሊዝኛ ምኅጻር ነው። ስለዚህ «የሲኦሲ ሰርተፍኬት» ሲባል «የምስክር ወረቀት ምስክር ወረቀት» ይሆናል። የመጨረሻው ቃል «ኮምፒተንስ» ነው፤ «ኮምፒቲሽን» ከሆነ ብቃትዎ ውድድር ሆነ ማለት ነው።

27. ሦስቱ ፊደላት ውጭ አገር ሌላ ነገር ይሆናሉ። ለአስመጪው የዕቃ ጥራት ማረጋገጫ፣ ለነጋዴው የንግድ ምክር ቤት፣ ለሠራተኛ አስተዳደሩ የሥነ ምግባር ደንብ ናቸው። ለውጭ ቀጣሪ ሲጽፉ ምኅጻሩን ትተው ሙሉውን ያስፍሩ።

28. ብቃትዎን ለማስመዘን የግድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አያስፈልግም። በጋራዥ ወይም በአናጢ ቤት ከባለሙያ ሥር ሆኖ የተማረ ሰውም ለምዘና መቅረብ ይችላል። እንግሊዝኛው ይህን «ቀደም ሲል የተገኘ ዕውቀትን ማወቅ» ይለዋል። በሞጆም በመቂም ለአሥርና ለሃያ ዓመት ብረት ሲበይዱ የኖሩ አባቶች ይህን ቢሰሙ መልካም ነው።

29. «10+1»፣ «10+2» እና «10+3» የቀድሞ ደረጃዎች ነበሩ። ከ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ ስትራቴጂ ወዲህ ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለው አጠራር ተተካ። የውጭ አንባቢ «10+3» ሲያይ ደምሮ 13 ይላል። ከሱ ቀጥሎ «ከ10ኛ ክፍል በኋላ የሦስት ዓመት ሥልጠና» ብለው ይግለጹት።

30. ደረጃዎቹ በሮማውያን ቁጥር ሲጻፉ ጥንቃቄ ይሻሉ። ደረጃ 2 ሁለት ትልልቅ «አይ» ነው። ጸሐፊው በ«አይ» ፈንታ የ1 ቁጥር ቁልፍ ከነካ ወረቀቱ «ደረጃ 11» ይላል። በሂንዱ-ዐረብ ቁጥር 2 ብሎ መጻፍ ይሻላል።

31. «ትሬይነር» አሠልጣኝ ነው፤ «ትሬይኒ» ሠልጣኝ። አንዱ በ«ኢ-አር»፣ ሌላው በሁለት «ኢ» ያበቃል። ይህችን መጨረሻ የሳተ ወጣት ባልዋለበት የአሠልጣኝነት ልምድ እንዳለው ይናገራል፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲጠየቅም ያፍራል።

32. «ኢ.ሲ.» እና «ጂ.ሲ.» የእኛ አገር የዘመን አቆጣጠር ምልክቶች ናቸው። ውጭ ያለ ሰው «ኢ.ሲ.»ን የአውሮፓ ኮሚሽን ነው ብሎ ሊያነብ ይችላል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የጨረሱ ከሆነ ለውጭ ቀጣሪ 2023 ብለው ይለውጡት። ካልለወጡት የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ክፍተት ያለዎት ይመስላል።

33. የከተማ ስምም ዕዳ አለው። ናዝሬት፣ ደብረ ዘይት እና ዝዋይ ዛሬ አዳማ፣ ቢሾፍቱ እና ባቱ ናቸው። ምስክር ወረቀቱ በቀድሞው ስም ከሆነ ያንኑ ይጻፉና የአሁኑን በቅንፍ ያክሉ። በአፋን ኦሮሞ ሲጻፍ የሚረዝሙት አናባቢዎች ሁለት ጊዜ ይጻፋሉ፤ በእንግሊዝኛ የተለመደው አጻጻፍ ግን ነጠላ ነው። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ አያደባልቁ።

34. «ፖሊቴክኒክ» በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ነው፤ መሐሉ ክፍተት የለውም። በግሪክ «ብዙ ጥበብ» ማለት ነው። በዓለም ያስጠራው እ.ኤ.አ. በ1794 በፓሪስ የተከፈተው ትምህርት ቤት ነው። የአንድ ኮሌጅ ይፋዊ ማኅተም ለሁለት ከፍሎት ከሆነ በተቋሙ ስም ላይ እንዳለ ይተዉት፤ በራስዎ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን ያያይዙት።

35. «አውስቢልዱንግ» ዛሬ በወጣቶቻችን አፍ የማይጠፋ የጀርመን ቃል ነው። ሳምንቱን በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት ከፍሎ የሚያሠለጥን ሥርዓት ነው፤ የጀርመን የሙያ ሥልጠና ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እኛ አገር የትብብር ሥልጠና የሚባለው ዘመዱ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጽፉት «አፕሬንቲስሺፕ» ቅርቡ ነው። «ዲግሪ» ብለው ከተረጎሙት ግን ሌላ ነገር ሆነ።

36. በአውስትራሊያ «ቴፍ» ሲሉዎት እህል አይደለም! ለቴክኒክና ለተጨማሪ ትምህርት የቆመ የአራት ፊደል ምኅጻር ነው። ኬንያና ደቡብ አፍሪካ ግን ልክ እንደ እኛ ቲቬት ይላሉ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ ስም ሕግ አውጥታለች።

37. የአሠራር ማሻሻያ ዘዴው ስም «ካይዘን» እንግሊዝኛ አይደለም። «ለውጥ» እና «መልካም» የሚሉ ሁለት የጃፓን ቃላት ጥምር ነው። ስለዚህ በማመልከቻ ላይ በሙሉ ትልልቅ ፊደላት መጻፍ አያስፈልገውም፤ ምኅጻር አይደለምና።

ስለ ሙያ ክብር

38. እንግሊዝኛው ሳይመጣ የራሳችን ስም ነበረን። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የቴክኒክ ትምህርት ቤት «ተግባረ ዕድ» ተባለ፤ በግእዝ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ሁለት ቃል፣ አንድም የውጭ ፊደል የለበትም፤ ትርጉሙ ለአናጢውም ለኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ይበቃል።

39. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አስቀልጠዋል። የአገሩ ሰው ከእነሱ እንዲማርም ይፈልጉ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሲነሣ የጦር ታሪኩ ይወራል፤ ጋፋት ግን የማሠልጠኛም ሐሳብ ነበር።

40. ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው መስደብ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ምላስን ሙሉ በሙሉ አላሠረም። ዛሬም ቢሆን «ነጥብ ስላልመጣለት ነው ቴክኒክና ሙያ የገባው» ሲባል የምንሰማው የዚያው በሽታ ቅሪት ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥብን፣ ቧንቧ ሲፈነዳብን፣ መኪናችን ሞጆ መንገድ ላይ ሲቆምብን የምንጠራው ግን እሱን ነው። «ቮኬሽን» ማለትም ይኸው አይደለም? የተጠራ ሰው!

41. በአማርኛ «ሙያ» ከእንግሊዝኛው ይሰፋል። ወጥ የምታሳምረዋም ባለሙያ ናት፤ በጦር ሜዳ ጀግንነት የሠራም «ሙያ ሠራ» ይባል ነበር። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂልም ሳይፎክር በሥራው የሚናገርን ሰው ያመሰግናል። «ቮኬሽናል» ይህን ሁሉ አይሸከምም።

42. በአፋን ኦሮሞ ለሙያ «ኦጉማ»፣ ለሥልጠና «ሌንጂ» ይባላል። በአዳማ በአንድ የኮሌጅ በር ላይ ሦስት ቋንቋ ጎን ለጎን ሊቆም ይችላል። የሦስቱንም ስም የሚያውቅ ሠልጣኝ በከተማው ውስጥ የትኛውንም የሥራ ማስታወቂያ አንብቦ ያልፋል።

43. «ሥልጠና»፣ «ሥልጣኔ» እና «ሥልጣን» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ለዚህም ነው በቀድሞው አጻጻፍ ሦስቱም በንጉሡ «ሠ» የሚጻፉት። የቃሉ ዘመዶች ይህን ካሉን፣ ልጁን ሥልጠና ያስገባ ወላጅ ከሥልጣኔ በር አስገብቶታል፤ ሌላ ቦታ አልጣለውም።

44. አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጀመር «ናዝሬት ቴክኒካል ኮሌጅ» ነበር። ኋላ ለሙያ ትምህርት ቤቶች መምህራንን የሚያወጣ የቴክኒክ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ደግሞ የዛሬውን ስሙን ያዘ። በአገሪቱ ዙሪያ ሞርሳ አጠገብ ቆመው ያስተማሩ ብዙ መምህራን ከዚያ ግቢ ወጥተዋል። ከዚያ የተመረቁ ከሆነ በዲፕሎማዎ ላይ ያለውን ስም አስቀድመው የአሁኑን ያስከትሉ።

45. ወረቀትዎን ከማሳተምዎ በፊት አምስት ነገር ይመልከቱ፦ የ«ቮኬሽናል» «ኦ» አለች? ሁለቱ «አንድ» አልጎደሉም? ከምኅጻሩ ቀጥሎ «ሥልጠና» አልተደገመም? ደረጃው በማያሳስት ቁጥር ተጽፏል? ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተገልጿል? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጽሑፍ ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶችም ይህን ለደንበኛችሁ ብታዩለት ከገጹ ዋጋ በላይ ትረዱታላችሁ።

46. የመጨረሻው ስለ ከተማችን ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዳማን «ናዝሬት» ያሏት በወንጌሉ ከተማ ስም ነው፤ አዳማ የሚለው ስም በይፋ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በዚያች በጥንቷ ናዝሬት ያደገው ኢየሱስ በማርቆስ ወንጌል በሙያው ስም ይጠራል፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ጸራቢ» ይለዋል። በግሪኩ የተጻፈው ቃል «ቴክቶን» ነው። ይህ ቃል «ቴክኒካል» ከወጣበት ከ«ቴክኔ» ጋር አንድ ሥር አለው። እንግዲህ በማመልከቻዎ ላይ የመጀመሪያዋን «ቲ» ሲጽፉ የሚጽፉት እንጨት ይጠርብ የነበረ የናዝሬት ሰው የተጠራበትን የሙያ ስም ዘመድ ነው።